ጥቂት ካርቦን በፈሳሽ ክሪስታል ውስጥ ምን ይሠራል?

ካርቦን ለአዊ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚደረደረው ከሰል አብዛኛው ክፍሉ ካርቦን ነው። ዲከረንስ የምንለውን ዛፍ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭድበታል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ፣ ከምሮ፣ አፈር አልብሶ ያከስለዋል። ከሰሉም በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያም ነዶ አመድ ይሆናል።

የካርቦን ታሪክ ግን በምድጃ ላይ አያልቅም። ይኸው ንጥረ ነገር የአቶሞቹ አሠላለፍ ሲለወጥ አንድ ጊዜ የእርሳስ ጥቁሩ፣ አንድ ጊዜ አልማዝ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዓይን የማይታይ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ይህ ቱቦ በጣም በጥቂቱ ተለክቶ በካልኩሌተርና በስልክ ፊት ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል የፈሳሹን ጠባይ ሊያሻሽል እንደሚችል ተመራማሪዎች ካዩት 20 ዓመት አልፎታል። የዛሬው ጽሑፋችን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን፣ እስከ ምን ድረስ እንደተደረሰበትና ለእኛ ለወደፊት መምህራን ምን ትርጉም እንዳለው ያስረዳል።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖር ይችላል፤ ስልክና ካልኩሌተር ግን አይጠፋም። ልጁ በአዊኛም ይሁን በአማርኛ፣ «መምህር፣ ይኼ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ይጠይቀናል። «የፈረንጅ ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ ማስተማር አይባልም። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ደግሞ ይብሳል፦ «ታዲያ እኛም እኮ ካርቦን አለን፤ ከእኛ ከሰል መሥራት አይቻልም ወይ?» የከሰል ልጅ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለሁለቱም ጥያቄ እውነተኛ መልስ ይዘን ክፍል መግባት ይጠበቅብናል።

1. ፈሳሽም ክሪስታልም የሆነ ነገር

በትምህርት ቤት የተማርነው የቁስ አካል ሁኔታ ሦስት ነው፦ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪድሪሽ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በፕራግ ከተማ ሲሠራ ለዚህ ክፍፍል የማይመች ነገር ገጠመው። ኮሌስትሪል ቤንዞኤት የተባለውን ውሑድ ሲያሞቀው በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀለጠ፤ ነገር ግን እንደ ደፈረሰ ቀረ። ሙቀቱ 178.5 ዲግሪ ሲደርስ ድፍርሱ ጠርቶ እንደ ውኃ ሆነ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይቀልጣል እንዴ? ራይኒትዘር ነገሩን ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት። ሌማንም በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው ድፍርሱ እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ እንደ ክሪስታል ደግሞ ውስጡ ሥርዓት ያለው ሆኖ አገኘው። ፈሳሽ ክሪስታል የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ለአዊ ተማሪ ማስረዳት አይቸግርም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል እናስብ። ፈረሶቹ በረድፍ ታስረው ቢቆሙ ቦታቸውም አቅጣጫቸውም የተወሰነ ነው፤ ይህ የጠጣር ምሳሌ ነው። ተለቀው በመስክ ላይ ሲግጡ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ይህ የተራ ፈሳሽ ምሳሌ ነው። ፈረሰኞቹ በሜዳው ላይ ሲጋልቡ ግን አንዱ ሌላውን ይቀድማል፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሆኖም ሁሉም የያዙት መስመር አንድ ነው። የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎች እንደ እነዚህ ጋላቢዎች ናቸው። ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ ራስና ጭራ አለመለየታቸው ነው፤ የሚጠብቁት መስመራቸውን ብቻ ነው።

ይህን ሥርዓት የሚሰጣቸው ቅርጻቸው ነው። ለማሳያ የሚውሉት ሞለኪውሎች እንደ በትር ረዘም ያሉ ናቸው፤ ርዝመታቸው 2 ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። በትር ከበትር ጋር ጎን ለጎን መተኛት ይቀለዋል፤ እንደ አተር ክብ የሆነ ነገር ግን «ወዴት ዞረሃል?» ቢባል መልስ የለውም።

2. ቁጥሩ እንዴት ይታያል?

የካልኩሌተር ፊት ከሁለት ስስ መስታወቶች የተሠራ ነው። በመስታወቶቹ መካከል ያለው ክፍተት 5 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ 10 እጥፍ ያህል ይወፍራል። ፈሳሽ ክሪስታሉ የሚቀመጠው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የመስታወቶቹ ውስጠኛ ገጽ ብርሃንም ኤሌክትሪክም በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ተቀብቷል፤ በዚያ ላይ ያለው ሌላ ሽፋን ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ተፍቋል። ሞለኪውሎቹ በፍቀቱ መስመር ይተኛሉ። የላይኛው መስታወት ፍቀት ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢሆን የታችኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ በመካከል ያሉት ሞለኪውሎች ከላይ እስከ ታች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ቀስ በቀስ 90 ዲግሪ ይዞራሉ።

ከመስታወቶቹ ውጭ በግራና በቀኝ ፖላራይዘር የሚባል ማጣሪያ ተለጥፏል። የብርሃን ሞገድ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይርገበገባል፤ ፖላራይዘር አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ነገሩ በቋሚ አጥር ክፍተት ዱላ እንደማሳለፍ ነው፦ ዱላው ቀጥ ብሎ ከቆመ ያልፋል፤ አግድም ከሆነ አጥሩ ይመልሰዋል። ሁለቱ ፖላራይዘሮች እርስ በርሳቸው የተሻገሩ ስለሆኑ ብርሃን ማለፍ አልነበረበትም። የተጠማዘዙት ሞለኪውሎች ግን ብርሃኑን አብረው አዙረው ያሳልፉታል፤ ፊቱም ብሩህ ሆኖ ይታያል። አሁን በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት ቮልት ኤሌክትሪክ ሲሰጥ፣ በዚያ ቦታ ያሉት ሞለኪውሎች ጥምዝምዛቸውን ትተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ብርሃኑን የሚያዞርለት ስለሌለ ሁለተኛው ማጣሪያ ያግተዋል። ጥቁር ሆኖ የምናየው ቁጥር ይኼ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ቀለም አይደለም፤ እንዳያልፍ የተደረገ ብርሃን ነው።

ይህ ሥራ የአንድ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ጆርጅ ሃይልማየርና ባልደረቦቹ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ ማሳያ ለሕዝብ አሳዩ። በ1970 በስዊዘርላንድ ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ ከላይ የገለጽነውን ጠመዝማዛ ዘዴ አወጡ። በ1973 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ በተራ የክፍል ሙቀት የሚሠራ፣ ቶሎ የማይበላሽ ውሑድ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሻርፕ ኩባንያ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ የኪስ ካልኩሌተር ለገበያ አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር የገቡት ማሳያዎች ፕላዝማ ነበሩ። ስሙም ተላምዶ ማንኛውንም ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን «ፕላዝማ» እንለዋለን። ፕላዝማ ግን የሚሠራው በጋዝ ሲሆን ራሱ ብርሃን ይሰጣል። ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ አያበራም፤ ከኋላ የሚመጣለትን ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋ በር ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ላይ ያለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ፣ ራሱ የሚያበራ ዓይነት ነው። መምህር ስሞቹን ካልለየ ተማሪው ከማን ይማራል?

3. የፈሳሽ ክሪስታል ሦስት ጉድለቶች

አንደኛው ጉድለት ዝግታ ነው። ሞለኪውሎቹ ለመቆምና ለመተኛት በፈሳሹ ውስጥ መዞር አለባቸው። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል፤ መዞሪያውም ይዘገያል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የጠዋት ብርዷን ማንም ያውቀዋል። ማሳያ በብርድ ሲዝል የሚያሳየውን ምስል ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያቅተዋል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሥርዓቱ ፈርሶ ተራ ፈሳሽ ይሆናል፤ በጠራራ ፀሐይ ላይ የተረሳ ማሳያ ፊቱ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ግሬይ ያቀረበው የታወቀው ውሑድ ብቻውን ፈሳሽ ክሪስታል ሆኖ የሚቆየው ከ24 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ጠባብ ክልል ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ውሑዶችን እየቀላቀሉ ክልሉን ያሰፋሉ። ፈሳሽ ክሪስታል ቀድሞውንም እንደ በርበሬ በቅመም ብዛት የሚስተካከል ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቮልት ፍላጎቱ ነው። ሞለኪውሎቹ ከተኙበት መነሳት የሚጀምሩት ቮልቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ነው። ይህ ልክ ዝቅ ባለ ቁጥር ባትሪው ብዙ ይቆያል። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት ገጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ጉድለት ቆሻሻ ነው። ፈሳሹ የቱን ያህል ቢጣራ አዮን የሚባሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ጥቃቅን ነገሮች ይቀሩበታል። ቮልት ሲሰጥ አዮኖቹ ወደ መስታወቶቹ ገጽ ሄደው ይከማቻሉ፤ ለሞለኪውሎቹ የታሰበውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይጋርዳሉ። ቀድሞ የነበረ ምስል ጥላው ሳይለቅ ሲቀር አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

4. የካርቦን ናኖ ቱቦ

በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የካርቦን አቶሞች በንጣፍ ላይ ንጣፍ ሆነው የተደረደሩበት ነው። አንዱን ንጣፍ ብናየው አቶሞቹ ስድስት ማዕዘን እየሠሩ ተያይዘዋል። ልክ እንደ ማር ሰፈፍ ነው፤ የአዊ ልጅ ቀፎ ሲቆረጥ ያላየ ማን አለ? አሁን ይህን ሰፈፍ የመሰለ ንጣፍ እንደ ሰሌን ጠቅልለን ጫፍና ጫፉን ብናጋጥመው ባዶ ቱቦ ይሆናል። የካርቦን ናኖ ቱቦ የሚባለው ይህ ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ቱቦ ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ርዝመቱ ግን የውፍረቱን ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ገብቶ ብዙ ግድግዳ ያለውም አለ።

እንዲህ ያሉ ቱቦዎችን እ.ኤ.አ. በ1952 ሁለት የሶቭየት ተመራማሪዎች፣ ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች፣ በፎቶግራፍ አሳይተው ጽፈው ነበር፤ ዓለም ግን ብዙም አላስተዋላቸውም። በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ሲያሳውቅ የሁሉም ትኩረት ወደዚያ ዞረ። ናኖ ቱቦ እጅግ ጠንካራ ነው፤ እንደ አጠቀላለሉም አንዳንዱ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አንዳንዱ በከፊል ብቻ ያስተላልፋል።

5. ሁለቱ ሲቀላቀሉ

ፈሳሽ ክሪስታልም በትር ነው፤ ናኖ ቱቦም በትር ነው። አንዱ አጭር ሌላው ረጅም ከመሆኑ በቀር ቅርጻቸው ይዛመዳል። ቱቦው በተራ ፈሳሽ ውስጥ ቢጣል እንደ ወደቀ በየአቅጣጫው ይበተናል። በፈሳሽ ክሪስታል ውስጥ ሲገባ ግን ከሞለኪውሎቹ መስመር ጋር ይሰለፋል፤ አግድም ለመቆም ቢሞክር የብዙዎችን ሥርዓት ማፍረስ አለበትና አይመቸውም። ይህን መሰለፍ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ጽፈው አሳውቀዋል። በ2004 ደግሞ ሞለኪውሎቹ በኤሌክትሪክ ሲነሱ ቱቦዎቹም አብረው እንደሚነሱ ታየ።

ጥቅሙ ታዲያ ምንድን ነው? ሦስቱን ጉድለቶች በተራ እናንሳ።

መጀመሪያ ሥርዓቱ ይጠናከራል። በብዙዎቹ የማሳያ ሞለኪውሎች ውስጥ ስድስት ማዕዘን የካርቦን ቀለበት አለ፤ የቱቦውም ግድግዳ ስድስት ማዕዘን ነው። ሰፈፍ በሰፈፍ ላይ እንደሚገጥም ሞለኪውሎቹ በቱቦው ገጽ ላይ ይገጥማሉ። ቱቦው እንደ አንድ ጥሩ መሪ ፈረሰኛ በዙሪያው ያሉትን መስመር ያስይዛቸዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ለቮልት መታዘዛቸው ይጨምራል። ረጅሙ ቱቦ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲገባ ኃይሉ በርዝመቱ ስለሚሠራበት በጉልበት ይዞራል፤ የተጠጉትንም ሞለኪውሎች ይዟቸው ይዞራል። ስለዚህ በብዙ ሙከራዎች መነሻ ቮልቱ ዝቅ ብሎ፣ መነሻውና መመለሻው ጊዜም አጥሮ ተገኝቷል።

በመጨረሻም ቆሻሻው ይቀንሳል። ቱቦው ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ገጹ በጣም ሰፊ ነው፤ አዮኖችን በላዩ ላይ ይይዛል። የተያዘ አዮን ወደ መስታወቱ ሄዶ መከማቸት አይችልም። ከሰል ሽታና ቆሻሻ ይይዛል እየተባለ ውኃ ለማጣራት የሚውለው በተመሳሳይ ጠባይ ነው፤ በሰፊ ገጹ።

ነገር ግን ውጤቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አልሆነም። እንደ ፈሳሹ ዓይነት፣ እንደ ቱቦው ርዝመትና ጥራት፣ እንደ አቀላቀሉም መነሻ ቮልቱ ከፍ ያለበት፣ ፈሳሹም የወፈረበት ሙከራ አለ። ሳይንስን ስናስተምር የተሳካውን ብቻ መርጠን ብንናገር ማስታወቂያ እንጂ ትምህርት አይሆንም።

6. ልኩ የት ላይ ነው?

ዋናው ነገር መጠኑ ነው። በብዙ ሙከራዎች ጥሩ ውጤት የተገኘው ናኖ ቱቦው ከክብደቱ 0.01 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። ይህ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም ፈሳሽ ውስጥ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ታዲያ ጥቂቱ ጥሩ ከሆነ ብዙው የበለጠ ጥሩ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ጨው ወጡን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ግን ወጡ ይደፋል።

ሲበዛ የሚመጣው ጣጣ ብዙ ነው። ቱቦዎቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ እንደ ተቋጠረ ገመድ ይጠቀለላሉ። የተጠቀለለ ቱቦ መሪ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው ሥርዓት ይረበሻል፣ በማሳያው ላይም ነጥብ ይታያል። ለመበተን ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ የድምፅ ሞገድ ያራግቡታል፤ ይሁን እንጂ ጊዜ ሲያልፍ ተመልሶ ሊጠቀለል ይችላል። ሌላም አለ። ክፍተቱ 5 ማይክሮሜትር ነው ብለናል፤ ከዚህ የረዘመ ቱቦ ቀጥ ብሎ ቢቆም ሁለቱን መስታወቶች እንደ ድልድይ ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩም ሥራውን ትቶ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ቱቦው አጭርና በደንብ የተበተነ መሆን አለበት። ቀለሙም ጥቁር ስለሆነ ቢበዛ ብርሃን ይውጣል።

በእነዚህ ምክንያቶች ነገሩ እስካሁን በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው። ከሱቅ የምንገዛው ካልኩሌተርና ስልክ የሚሠራው በፈሳሹ ውስጥ ናኖ ቱቦ ሳይጨመርበት ነው። ተማሪ ሲጠይቀን «ተሠርቷል» እና «ተሞክሯል» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንቀላቅል።

7. የእኛ ከሰልስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃ፣ በዳንግላ የሚኖር ብዙ ገበሬ ኑሮው ከዲከረንስ ጋር የተያያዘ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን የዝገት በሽታ መትቶታል። ሰው ገቢው ሲናጋ አዲስ ተስፋ ይፈልጋል፤ «ከሰላችሁ ወርቅ ነው፣ ፈረንጅ ለቴክኖሎጂ ይፈልገዋል» የሚል ሰው ቢመጣ ሰሚ ያገኛል። እውነቱን ለይቶ መናገር የመምህሩ ፋንታ ነው።

እውነቱ ይህ ነው፦ ከሰል ናኖ ቱቦ አይደለም። በከሰል ውስጥ ያሉት የካርቦን አቶሞች የተያያዙት በተዘበራረቀ መንገድ ነው። በሙቀጫ ብንወቅጠው፣ በወንፊት ብንነፋው፣ ዱቄት ይሆናል እንጂ ቱቦ አይሆንም። ቱቦ እንዲሆን አቶሞቹ ተለያይተው እንደገና በሥርዓት መያያዝ አለባቸው። ኢጂማ ያያቸው ቱቦዎች የተገኙት በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በተነሳ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ፣ በሺህ ዲግሪዎች በሚቆጠር ሙቀት ነው። ሌላው የታወቀ መንገድ እንደ ሚቴን ወይም አሲትሊን ያለ ካርቦን ያለበት ጋዝ ከ600 እስከ 1,000 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ፣ በጥቃቅን የብረት፣ የኮባልት ወይም የኒኬል ቅንጣት ላይ ማሳለፍ ነው። ጋዙ ይፈርሳል፤ ካርቦኑም ከቅንጣቷ ላይ እንደ ቡቃያ ይበቅላል።

እንግዲህ ውድ የሆነው ካርቦኑ አይደለም፤ ካርቦን በሁሉም አገር ሞልቷል። ውድ የሆነው የማሰለፉ ዕውቀት ነው። አንድ ማዳበሪያ ከሰልና አንድ ግራም ናኖ ቱቦ የሚለያዩት በአቶማቸው ሳይሆን በአሠላለፋቸው ነው። ይህን የሰማ ልጅ ተስፋ ይቆርጣል ወይ? በእኛ አስተያየት አይቆርጥም። ከሰል ያለው አገር ሁሉ ናኖ ቱቦ አልሠራም፤ ከሰል ሳይኖረው ትምህርት ቤት ያለው አገር ግን ሠርቷል። ዕውቀቱ ደግሞ ከዚህ ከክፍላችን ሊጀምር ይችላል።

አደጋውንም አብረን እንናገር። ቀጭንና ረጅም ናኖ ቱቦ በአየር ላይ ሆኖ ቢተነፈስ ለሳንባ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በአይጦች ላይ ረጃጅሞቹ ቱቦዎች እንደ አስቤስቶስ ያለ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አሳይቷል። የትኛውም አዲስ ነገር ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ሚዛን መታየት አለበት።

8. በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ሙከራዎች

በአካባቢያችን ከሚገኝ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ ማዘጋጀት እንደሚገባን ተምረናል። ለዚህ ትምህርት የሚሆኑ ሦስት እነሆ።

ሀ) ጠባብና ረዘም ባለ ካርቶን ውስጥ አንድ እፍኝ የክብሪት እንጨት እንበትን፤ በሌላው ውስጥ አተር እናድርግ። ሁለቱን እናወዛውዝ። የክብሪት እንጨቶቹ ቀስ በቀስ በካርቶኑ ርዝመት ይሰለፋሉ፤ አተሩ ግን አቅጣጫ የለውም። ከዚያ በክብሪቶቹ መካከል ጥቂት ረጃጅም የሣር አገዳ ጨምረን እንደገና እናወዛውዝ፤ አገዳውም አብሮ ሲሰለፍ እናያለን። አገዳውን ስናበዛው ደግሞ መደነቃቀፍ ይጀምራል። የጽሑፋችን ግማሽ በዚህ ካርቶን ውስጥ ነው።

ለ) ሁለት ወይም ሦስት የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንሽ የባትሪ አምፖል እናገናኝ። በመካከል ሁለቱም ጫፉ የተቀረጸ አጭር እርሳስ እናስገባ፤ አምፖሉ ይበራል። በእርሳሱ ፈንታ የከሰል ቁራጭ ብናደርግ ብርሃኑ ይደክማል ወይም ጭራሹን አይበራም። ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ አሠላለፋቸው ግን ለየቅል ነው።

ሐ) ከተበላሸ ካልኩሌተር ፊት ላይ የተለጠፈውን ስስ የፖላራይዘር ሽፋን በጥንቃቄ እንላጥ። ይህን መምህሩ ያድርገው፤ መስታወቱ ከተሰበረ ይቆርጣል፣ በውስጡ ያለውንም ፈሳሽ ልጆች እንዳይነኩት። ሽፋኑን በሚሠራ ካልኩሌተር ፊት ላይ አድርገን ስናዞረው በአንድ አቅጣጫ ቁጥሩ ይታያል፤ ሩብ ዙር ስናዞረው ፊቱ በሙሉ ይጨልማል። ቁጥሩ ቀለም ሳይሆን የታገደ ብርሃን መሆኑን ተማሪው በራሱ ዓይን ያረጋግጣል።

ሦስቱም ሙከራዎች ወጪ የላቸውም ማለት ይቻላል። አንድ ሳምንት ሳይሞላ በተግባር ልምምድ ክፍል ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። ልጁ ነገ ናኖ ቱቦ ይሠራል ብለን አንምልም። ነገር ግን በእጁ የያዘው ዕቃ አስማት አለመሆኑን፣ በአባቱ የከሰል ክምር ውስጥ ያለው አቶምና በኢጂማ ማይክሮስኮፕ ሥር የታየው አቶም አንድ መሆኑን፣ ልዩነቱም ሊማሩት የሚቻል ነገር መሆኑን ያውቃል።

ጓደኞቻችን፣ ሙከራዎቹን ስትሠሩ ያልተሳካላችሁ ወይም በተሻለ መንገድ የሠራችሁት ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ለጥፉልን። በሚቀጥለው እትም ከነጥያቄው እናወጣዋለን።